የአሰፋች ሰላጣና የአቶ በርሄ ድንኳን

በአፍንጮ በር ሰላጣ የምትተክል ሴት አሰፋች ብቻ ነበረች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት በእነዚያ ዓመታት ሠፈራችን ጎመን እንጂ ሰላጣ አያውቅም ነበርና፣ ጥሬ ቅጠል የሚበላ ከብት ነው እያለ ይስቅባታል። እሷ ግን ማለዳ ቅርጫቷን አንግታ ፒያሳ ስትደርስ የሆቴል ወጥ ሠሪዎች በጓሮ በር ወጥተው ይቀበሏታል። ባሏ አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ እንደሄደ ቀርቶባታል፤ የምትኖረው በዚያች ቅርጫት ነው።

ሙያውን የቀሰመችው ፒያሳ፣ ልብስ ታጥብላት ከነበረች አንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት ነው። ሲኞራዋ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ አገሯ ስትመለስ በጨርቅ የተቋጠረ የሰላጣ ዘር ሰጠቻት። ከዚያ ወዲያ አሰፋች በየዓመቱ ያማሩትን ሰላጣዎች ሳትቆርጥ ትተዋቸዋለች፤ ግንድ አውጥተው፣ ቢጫ አበባ አብበው፣ ለከርሞ ዘር ይሰጧታል። የሱቅ ዘር አንድ ጊዜ ሞክራ ሰላጣው መረረና የሆቴሉ ሰዎች ከነቅርጫቷ መለሷት።

አንድ ክረምት ጣሪያዋ አፍስሶ ያስቀመጠችው ዘር ሻገተ። የተረፈችውን ቁንጥር ዘራች፤ ከበቀሉትም ሦስቱን ለዘር አቆየች። «እነዚህ ከጠፉ ተመልሼ የሰው ልብስ አጣቢ ነኝ» ትለኝ ነበር፣ በአጥሯ በኩል ሳልፍ። እኔም «አይዞሽ» እላታለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የግንብ ተጋሪ ጎረቤቷ አቶ በርሄ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጥላቸው ጋር የሚጣሉ ሰው ነበሩ። የሰላጣሽ ውኃ ግድግዳዬን አራሰው እያሉ ስንት ጊዜ ሽማግሌ አስቀምጠውባታል! በቀጣዩ የካቲት አንድ ሌሊት ደኅና ተኝተው፣ ጧት ሳይነሡ ቀሩ።

የኛ ዕድር ድንኳን ለመትከል ማንንም አያስፈቅድም። ሜዳ ያለው ግቢ ይፈለጋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ምሰሶ ይገባል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል፤ ግን በሞት ቀን እንቢ የሚል ማን ነው? እንቢ ያለ ሰው የራሱን ሬሳ ማን ሊያነሣለት ነው? የአቶ በርሄ ግቢ ጠባብ ነበርና የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደገብርኤል ከነሰዎቻቸው የአሰፋችን ግቢ ሞሉት።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ወደ በሩ ጠጋ ቢል» አለች አሰፋች፣ ነጠላዋን በአፏ ይዛ።

«በበሩ በኩል ድንጋይ ነው፤ ካስማ አያስገባም» አሉ ዳኛው፣ የሰላጣውን መደብ በከዘራቸው ወጋ ወጋ እያደረጉ። «እዚህ ግን እንደ ቅቤ ነው፤ ተመልከቺ።»

እንደ ቅቤ ያለሰለሰችው እሷ ናት። ድንጋዩን ለቅማ፣ ፍግ በጀርባዋ አመላልሳ፣ ጓሉን በእጇ ፈርፍራ ነው። ይህንኑ ልትናገር አፏን ስትከፍት ከግንቡ ማዶ የሟች ሚስት የወይዘሮ ወይኒ ዋይታ ተሰማ። ሰው ሞቶ ስለ ቅጠል ይወራል? ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ። «እሺ፣ ግቡ» አለቻቸው፤ እነሱ ግን ገብተው ካስማውን መምታት ጀምረው ነበር።

ከቀብር መልስ አሰፋችን አግዳሚው ላይ፣ ልክ መደቧ በነበረበት ቦታ አስቀመጧት። ከእግሯ ሥር የአንዱ ሰላጣ ግንድ ተጨፍልቆ ነጭ ወተቱ አፈሩ ላይ ፈሷል። አየችውና ማልቀስ ጀመረች፤ ለወግ የሚለቀሰውን አይደለም፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ። ሰው ተገረመ። ለአቶ በርሄ ከሚስታቸው በቀር ዓይኑ የረጠበ አልነበረም፤ ስትካሰስ የኖረችው ሴት ግን በእንባ ታጠበች። «ቂም የማታውቅ!» ተባለላት። እሷ ይህን በሰማች ቁጥር ታፍራለች፣ ሰው ሞቶ ለሰላጣ አለቅሳለሁ ብላ ራሷን ትረግማለች፣ እንባዋ ግን ይብስባታል። ውኃ ላቀርብላት ስጠጋ በዓይኗ መሬቱን አሳየችኝ። የተጨፈለቀውን ግንድ አየሁ።

ሣልስት ወጥቶ ድንኳኑ ሲነሣ ሁለቱ ሰላጣዎች ከአፈር ተደባልቀው ነበር። ሦስተኛው፣ የሸራው ጠርዝ ያረፈበት፣ ጎብጦ እንጂ አልተሰበረም፤ እንቡጡም ከነሕይወቱ አለ። አሰፋች ተንበርክካ በእንጨት ደግፋ፣ ከመቀነቷ ቀድዳ አሰረችው። ዘሩ እስኪደርስ ገና ሁለት ወር ያህል መጠበቅ አለባት።

እንደተንበረከከች ወይዘሮ ወይኒ ጥቁሯን ለብሳ ገባችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ሓፍተይ፣ እህቴ! ለበርሄዬ ከእኔ ሌላ ያለቀሰለት አንቺ ብቻ ነሽ። እስክሞት አልረሳውም።»

«ወይኒዬ፣ እኔ እኮ ያለቀስኩት…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አትንገሪኝ፤ ዳግም ታስለቅሽኛለሽ። እኔ የመጣሁት የአርባውንም ድንኳን እዚሁ እንትከልለት ልልሽ ነው። አቶ ወልደገብርኤልም ካስማው የሚይዘው እዚህ ነው ብለዋል። ከወዳጁ ግቢ ሌላ የት ይሆንለታል?»

አሰፋች ያሰረችውን ግንድ አየች፤ ቀጥላም የሴትዮዋን ያበጡ ዓይኖች አየች።

«እሺ፣ እህቴ» አለች።