ደብዳቤው ላይ ኳስ የሚል የለም

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። አቶ ደምሴ የሚባለው ሰው ግን ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አንቱ የማልለው ረስቼ አይደለም፤ አይገባውም።

ያኔ ጅማ ውስጥ ለአንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን በረኛ ነበርኩ። ዝናዬ ከሰፈር አያልፍም፤ እጄ ግን ጥሩ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ አንድ አዲስ ቢሮ የእግር ኳስ ቡድን አቋቁሞ ኖሮ «በረኛ ላኩልን» ብሎ ጻፈልን። እኔም ጓንቴንና «የጠየቃችሁትን በረኛ ልከናል» የሚለውን ደብዳቤ ይዤ፣ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዤ ደረስኩ።

አቶ ደምሴ የቢሮው የአስተዳደር ኃላፊ ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበ። ከዚያ የካኪ ካፖርትና ዱላ አስመጥቶ ሰጠኝ። በዚያ ሙቀት ካፖርት! ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሃል? በረኛ አይደለህም እንዴ?»

«የኳስ በረኛ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ደብዳቤው ላይ ኳስ የሚል የለም።»

በጥበቃ መደብ ቀጠረኝ። ስህተቱን ያልነገረው ሰው የለም። እሱ ግን የፈረመበትን ከሚሰርዝ እጁ ቢቆረጥ ይመርጣል። ሥራዬ ፍየል ማባረርና መኪናው ሲመጣ በር መክፈት ሆነ። ሹመት ያዳብር እለው ነበር በሆዴ።

ጠዋት ጠዋት ባሮ ዳር አሸዋው ላይ ከቡድኑ ጋር እለማመዳለሁ። አምበሉ ኦሞድ የሚባል የአገሩ ልጅ ነው፤ ከእኔ ሌላ በረኛ አይፈልግም።

በኋላ አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ መጣ። አሠልጣኙ በረኛ እየፈለገ መሆኑን ኦሞድ ሰምቶ ነገረኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ፈቃድ ብጠይቅ አቶ ደምሴ «በር ክፍት አይተውም» ብሎ ከለከለኝ። በእኔ ቦታ ሹፌሩን አሰለፈ፤ ረጅም ነው ብሎ። ጋምቤላ ውስጥ በረኛ በቁመት ሲመረጥ አስቡት!

ሜዳው ከቢሮው አጥር ማዶ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ጎሉን ከተመልካቹ ጩኸት ቆጠርኩ። እስከ ዕረፍት አራት ገባብን።

ያኔ አቶ ደምሴ እያለከለከ መጣ። ሹማምንቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ናቸው፤ ውርደቱ የእሱ ሊሆን ነው።

«ሩጥ፣ ማሊያ ልበስና ግባ!»

«በር ክፍት አይተውም፣ ጌታዬ» አልኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኦሞድ በላብ እንደተጠመቀ ከኋላው ቆሟል። «እሱን ተወው። ለእኛ ና» አለኝ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔም ዋጥኩት። አልሄድኩም። ሰባት ለባዶ ተሸነፉ። እንግዶቹ በማግስቱ በአውሮፕላን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በረኛ ፈልጎ የመጣ አሠልጣኝ አላየሁም።

ሰኞ ኦሞድ በበሩ ሲያልፍ አስቆምኩትና የአቶ ደምሴን ግፍ ማውራት ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

«እኔ የኳስ በረኛ መስለኸኝ» አለኝ። «አንተ እውነት የበር ሰው ነህ።»

አቶ ደምሴን ዛሬም እንቀዋለሁ። ግን የኦሞድ ቃል ትዝ ሲለኝ ከንቀቱ ለራሴም ይተርፈኛል። ያ ደንቆሮ ሰው ደብዳቤዬን በትክክል አንብቦት ኖሯል።