አንገቴ ላይ የደበቅሁት ክታብና ቀኝ እጄ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ የምቀመጠዋ ልጅ ነኝ። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብሄድ ዝምታው ይከብደኛል።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ያቭነ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ብስኩት አሽግ ነበር። አንድ ቀን ሣጥኑ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ላነሣው ብል እጄ እንቢ አለኝ። ሐኪሞቹ “ስትሮክ ነው” አሉ። አብሮ የሰነፈው እግሬ ቶሎ ተመለሰ፤ እጄ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኔ ላይ ቀረ። ቂርያት ማላኪ ቤታችን ውስጥ የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ እናቴ ነበረች።

እናቴ “የሰው ዓይን ነው” ብላ በቆርቆሮ የታሸገ ክታብ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ገዴራ ያለችው እህቴ ደግሞ ወደዚህ ጉባኤ ታመጣኝ ነበር። ስትጸልዩልኝ ክታቡን በአንገት ልብስ እሸፍነው ነበር። አንዱ ቢያቅተው ሌላው ይሞክር ብዬ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ!

ከዚያ ሐኪሙ “አንጎልሽን በማግኔት ማነቃቃት እንሞክር” አለ። ነርሷ የእኛው የሐበሻ ልጅ ናት፤ ጠየቀችኝ።

“ሞቴክ፣ የኔ ማር፣ ብረት ነገር አለሽ? የጆሮ፣ የፀጉር፣ የአንገት?”

“የለኝም።”

የአንገት ልብሴን አየችው። “እርግጠኛ ነሽ? ማግኔት ይሉኝታ አያውቅም።”

ፊቴ ጋለ። ክታቡን ከፈታሁት እጄ በዚያው የሚቀር መሰለኝ። በልቤ “ጌታ ሆይ፣ ካንተ በቀር ሌላ አልይዝም” አልኩና “አለኝ” አልኳት።

ሳቀች። “ወታደር ስሆን እናቴም አስራልኝ ነበር። ያላ፣ ነይ ልፍታልሽ።”

ሃሌ ሉያ! እኔ ጌታን ያመንኩት እዚያ የሕክምና ወንበር ላይ ነው።

ሐኪሙ መሣሪያውን ራሴ ላይ አስጠግቶ ጠቅ ሲያደርገው አውራ ጣቴ ዘለለ!

“እኔ አይደለሁም!” ብዬ ጮህኩ።

“አውቃለሁ” አለ ሐኪሙ፤ ነርሷ ታስተረጉምልኛለች። “እጅሽን የሚያዘው የአንጎልሽ ክፍል አልሞተም፤ ደንዝዟል። አሁን በኃይል ካልነካነው አይሰማም። ደጋግመን ስናነቃቃው በትንሹም መስማት ይጀምራል። ልምምዱ ግን የአንቺ ነው፤ ቤሰደር፣ እሺ?”

ለሳምንታት ተመላለስኩ። ቤት ደግሞ የአንገት ልብሴን አላወልቅም ነበር። በፊት ክታቡን ከእናንተ ደበቅሁ፤ አሁን ባዶ አንገቴን ከእናቴ። በመጨረሻው ሳምንት ሐኪሙ ኃይሉን ቀነሰው፤ ጣቴ በዚያች በትንሿ ምት ተነሣ። “አየሽ፣ አሁን ሹክ ሲሉትም ይሰማል” አለኝ። ክብር ለጌታ!

የዚያን ቀን እናቴ ፊት የአንገት ልብሴን አወለቅሁ።

“ክታቡስ?” አለች ደንግጣ።

ጠጋ ብዬ የሹራቧን ቁልፍ በቀኝ እጄ ያዝኩ። ብዙ ቆየሁበት፤ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። ቁልፉ ሲገባ አንገቴን አየች፣ እጄን አየች።

“በይ ልጄ፣” አለች፣ “የታችኛውንም ቆልፊልኝ።”

ወገኖቼ፣ እጄ ገና ድስት አያነሣም። ልምምዱንም አላቆምኩም። ግን የሐኪምን እጅ የሚባርክ ጌታ አለ፤ የደበቃችሁትን ፈትታችሁ በእሱ ታመኑ። ይህን ማይክሮፎን የያዝኩት በቀኜ ነው። ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ሕመሙ አይደለም፤ እናንተን ፈርቼ ነው። ተባረኩ።