አንድ ጤፍ፣ ሦስት ማሽላ

ሰቆጣ መሰናዶ የገባን ዓመት አራት ሴቶች ሆነን አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየን። እኔና የሰፈሬ ልጅ ከጽጽቃ፣ አንዷ ከኒሯቅ፣ አራተኛዋ ደግሞ ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ሻል ካለ ቤት። ስንቃችን በገበያ ቀን በአህያ ይመጣል። ለእሷ የጤፍ ዱቄት፣ ለእኛ ለሦስታችን የማሽላ።

የገጠር ተማሪ ደንብ አለው፤ ስንቅ ለየብቻ አይበላም። ዱቄታችንን ሳፋ ላይ ገልብጠን በእጃችን እናደባልቅና በጣሳ እኩል እየለካን መልሰን በአራት ከረጢት እንከታለን። እያንዳንዷ ተራዋ ሲደርስ ከራሷ ከረጢት ታቦካለች። ከአራቱ ጤፍ ብቻ ያለበት የለም፣ ማሽላ ብቻ ያለበትም የለም። የጤፏ ልጅ በዚህ ነገር አንድም ቀን ፊቷ ሲጠቁር አላየሁም። እኔ ብሆን እንጃ።

ኬሚስትሪ የሚያስተምረን ከመሀል አገር የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ሲያስተምር ግማሹ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ፣ ግማሹ ጋወኑ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ካርቦንን ሳለልን። ካርቦን ለመጣመር የሚጠቀምባቸው ኦርቢታሎች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚገኝባቸው ቦታዎች፣ አራት ናቸው፤ አንዱ ኤስ የሚባለው ክብ፣ ሦስቱ ፒ የሚባሉት ደግሞ በሁለት ወገን ያበጡ።

«ካርቦን አራት ሃይድሮጂን ሲይዝ አራቱም ቦንዶች፣ ማሰሪያዎቹ ማለቴ ነው፣ እኩል ናቸው» አለ። «ኤስና ፒ የተለያዩ ሆነው ሳለ እንዴት እኩል ይመጣሉ?»

እኔ እንደ ልማዴ እጄን ሳላወጣ አፌ ቀደመኝ። «ደባልቀው ይካፈላሉዋ!» አልኩና የሳፋችንን ነገር ተረክሁለት። መምህሩ ደስታውን አልቻለም። ሃይብሪዳይዜሽን ማለት ይኸው ነው አለ። አንድ ኤስና ሦስት ፒ ይገባሉ፤ አራት ወንድማማች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ሩቡ ኤስ፣ ሦስት አራተኛው ፒ። ስማቸውም ኤስፒ ሦስት። «ስንት ገባ?» ይላል፣ «አራት!» እንላለን። «ስንት ወጣ?» «አራት!»

ሙገሳው ልቤን ነፋውና ሃይድሮጂንም ዱቄቱን ይዞ መጥቶ ሳፋው ላይ ይገለብጣል ብዬ ጨመርኩ። «የለም የለም» አለኝ። «ካርቦን የሚያደባልቀው የራሱን ቤት ነው። ሃይድሮጂን እንግዳ ነው፤ ከተቦካ በኋላ ነው የሚደርስ።» ክፍሉ ሳቀብኝ፣ እኔም አኮረፍኩ። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ የምትል ጎረቤት ሁሉ በእኛ ቤት ስሟ ሃይድሮጂን ሆነ።

በዚያው ዓመት ኒሯቅ ባለችበት በአበርገሌ ዝናብ ቀረ። የኒሯቋ ልጅ አጎት በገበያ ቀን ባዶ እጁን መጣና ቤት ውስጥ የሚላክ ነገር እንደሌለ ነገራት። እሷ ከረጢቷን ከሦስቱ ለይታ አጣጥፋ አስቀመጠች። ምሳ ሲቀርብ «ጾመኛ ነኝ» ብላ ትወጣ ጀመር፤ ጾም በሌለበት ወቅት። ስናፋጥጣት ትምህርቷን ትታ ዐረብ አገር ያለች የአክስቷን ልጅ ልትከተል እንደሆነ ነገረችን።

እኔ ጮህኩባት። «ምን ሆነሻል? ያለን ለአራት ይበቃል!»

«የገባው ሦስት ነው» አለች ረጋ ብላ። «ሦስት ከገባ የሚወጣው ሦስት ነው። ክፍል ውስጥ ስትጮሂ አልነበር?» ከዚያ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንኛ አንድ ነገር አጉረምርማ ወጣች።

ክርክር መሸነፍ አልወድም። ግን ያንገበገበኝ መሸነፌ አልነበረም፤ ልጅቷን እወዳት ነበር። ከአራታችን ጎበዟ እሷ ናት፤ የፈተና ሰሞን ሁላችንንም አስቀምጣ የምታስጠና እሷ ናት። ደብተሬን ከፍቼ ካርቦኑ ላይ አፈጠጥኩ፤ እሷን የማስቀርበት ነገር ፍለጋ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ በሥርዓት እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ከመደባለቁ በፊት ኤስ ሁለት ኤሌክትሮን አለው። ሁለቱ ፒዎች አንዳንድ አላቸው። ሦስተኛው ፒ ግን ባዶ ነው። ባዶው ምን አስገብቶ ነው የሚቆጠረው?»

የኒሯቋ ልጅ አንገቷን ደፋች። ለምን እንደጠየቅሁ ገብቷታል። መምህሩ ስለ ቤታችን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የጠየቅሁትን ብቻ መለሰ።

«የምንቆጥረው በውስጡ ያለውን አይደለም፣ ኦርቢታሉን ነው። ባዶም ቢሆን የካርቦን ነው። ኤስ ካሉት ሁለት ኤሌክትሮኖች አንዱን ለባዶው ይለቃል፤ ከዚያ አራቱም እኩል ይደባለቃሉ። ባዶውን እንተወው ካልን ካርቦን አራት መያዝ አይችልም፤ የሚጎዳው ራሱ ካርቦን ነው።»

የጤፏ ልጅ ፈገግታዋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የኒሯቋ ቀና ሳትል ትጽፋለች። ወደ ቤት ስንመለስም ወደ ኋላ ቀርታ ብቻዋን ነበር የምትሄደው፤ እኔም ነገር አበላሸሁ ብዬ ፈራሁ።

ምሳ ቀረበ። ሦስታችን ትሪውን ከበብን፤ ደፍሮ የሚጠራት ግን ጠፋ። እሷ ውጭ ቆየች። ከዚያ የውኃው ጆግ ሲንኳኳ ሰማን። እጇን ታጥባ፣ ጣቶቿ እየተንጠባጠቡ ገባችና በእኔና በጤፏ ልጅ መካከል ቆመች።

«ጠጋ በሉ እንጂ» አለች። ጠጋ አልንላት።