የአንድ ምሳ መንገድ

የአምቦዋ ጠጅ ነጋዴ እትዬ ጉዴ መንገድ የሚለኩት በስንቅ ነበር። ጌዶ ከተማ ድረስ አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ ራቅ ያለችው ካቺሲ ድረስ በበቅሎ አንድ አቁማዳ የገብስ ጩኮ ነው። በሃምሳዎቹ ዓመታት ልጃቸው ሮማነወርቅ ነርስነት ልትማር አቴና ልትሄድ ስትል፣ «የሸዋ ገብስ ተጠራርጎ ቢቆላ ስንቋን አይሞላም፤ አልፈቅድም!» አሉ።

ወጣቱ መምህሯ ደግፌ ሊያግባባቸው መጣ። «ከአዲስ አበባ በአየር ሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ እትዬ።»

«ኪሎ ሜትሩን ተወውና ስንቁን ንገረኝ!»

«አውሮፕላኑ ላይ አንድ ምሳ ይሰጧታል።»

«አንድ ምሳ? ከካቺሲ ይቀርባል እኮ! ትሂድ።»

ሄደች። እትዬ ጉዴም በየቀኑ ምሳዋን ከድነው ጠበቋት፤ ማታ እኛ ደንበኞቻቸው እየበላንላት ግማሹ አምቦ ወፈረ። ጣዕሙ ዛሬም አፌ ላይ አለ። በሦስተኛው ዓመት ልጅቷ ብቅ ስትል አንገቷ ላይ ተጠምጥመው፣ «ምን አቆየሽ? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!» አሉ እያለቀሱ።