ሦስቱ የጋሽ ደምሴ ልጆች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ እሳቸው ፊት እንበረከክና «በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን» ብዬ አልፈዋለሁ። «ባለማወቅ» በሚለው ቃል ሥር ስንት ነገር ይደበቃል! እኔ ግን ዐውቄ ነው። እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። አቃቂ ውስጥ፣ ባቡር መምጣት ከተወበት ሐዲድ ማዶ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት በነበረች ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የፀጉር ቤት ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ፣ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን እጽፋለሁ። ሰፈሩ «የሷ እጅ ያስለቅሳል» ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ማስለቀስ ሙያ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በፊት በታይፕራይተር ነበር የምንሠራው። ታይፕራይተር ላይ አንዲት ስሕተት ገጹን በሙሉ ታስደግማለች። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ግን እንደ ፍቅር ነው የያዘኝ። የጻፍኩት አይጠፋም፤ ከአንዱ ወረቀት ቆርጬ ሌላው ላይ እለጥፋለሁ፤ ትናንት የደከምኩበት ዛሬ ያገለግለኛል። ከሁሉም የወደድኩት ሪፕሌስ የሚሉትን ነው። የድሮውን ስም አንዱ ሳጥን ውስጥ፣ አዲሱን ሌላው ውስጥ እጽፍና አንዴ ስነካው ወረቀቱ በሙሉ ባለቤት ይቀይራል። በልብስ ሰፊ ማስታወቂያ የወፍጮ ቤት ማስታወቂያ ሠርቼበታለሁ። በአንዱ ሙሽራ ጥሪ ስንቱን ድሬበታለሁ!

ለሞቱትም እንደዚሁ ነበር። አቃቂ ሰው ጠዋት ከሞተ ከሰዓት ይቀበራል። የእድሩ ሰው እየሮጠ ይመጣል፤ የሟችን ስም፣ የትውልድ ቦታና የሠራበትን ይነግረኛል፤ ከቀብር በፊት መድረስ አለበት። ስለዚህ «ሟች» የሚል ፋይል ነበረኝ። ደግ፣ ሩህሩህ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሰው የማይጣላ። እውነቴን ነው፣ በነዚያ ዓመታት አቃቂ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልሞተም።

ጋሽ ደምሴ የፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ጥፍራቸው ሥር ያለው ሰማያዊ ቀለም በበዓል ቀን እንኳ አይለቅም ነበር ይላሉ። ሲሞቱ የመጡት የእድሩ ጸሐፊ አቶ ታፈሰ ናቸው። ስማቸውን ነገሩኝ፣ የሠሩበትን ነገሩኝ፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እንደሚባሉ ነገሩኝ። በሩ ጋ ከደረሱ በኋላም ዞር ብለው «ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ» አሉ። ሰማሁ። «እሺ» አልኩ። ይህን «እሺ» ልብ በሉልኝ።

ከዚያ በፊት ለአንድ ሌላ የፋብሪካ ሠራተኛ የጻፍኩት የሕይወት ታሪክ ነበር። እንደሱ አድርጌ ጽፌ አላውቅም። «የሦስት ልጆች አባት የነበሩት» ይልና «ለልጆቻቸው ነገ ሲሉ የራሳቸውን እንቅልፍ ሸጠው ሌሊት ፈረቃ የኖሩ» ይላል። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ በለቅሶ ተናውጦ ነበር። እሱን ከፈትኩ። ስሙን ቀየርኩ፣ የሚስቱን ስም ቀየርኩ፣ አገሩን ቀየርኩ፣ አተምኩ።

አላነበብኩትም ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ግን አላነበብኩትም? አንዳንዴ በሕልሜ ስክሪኑን አየዋለሁ። ከፋብሪካው የሚመጣው ጭስ በመስኮት ገብቶ ፊደሎቹ መሃል ይዋኛል፤ ዓይኔ በዚያች መስመር ላይ ሲያልፍ፣ ሲዘገይ፣ ደግሞ ሲያልፍ ይታየኛል። አሳምሬ የጻፍኳትን መስመር ለመቁረጥ ሳስቼ ይሆን? ወይስ ሕልሙ ነው የጨመረው? አላውቅም። ቢሆንም አቶ ታፈሰ ነግረውኛል። ሰምቻለሁ።

ቀብር ላይ ሄድኩ። የሄድኩት ላስተዛዝን አልነበረም፤ የራሴ ጽሑፍ ሲነበብ ለመስማት ነው። ባሕር ዛፉ ሥር ቆምኩ። አቶ ታፈሰ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ። «የሦስት ልጆች አባት የነበሩት» የሚለው ጋ ሲደርሱ አንደበታቸው ተደናቀፈ። ወረቀቱን ጠጋ አድርገው አዩት። ከዚያ ቀጠሉ። በኋላ እንደሰማሁት ቤተሰቡ ያስጨመረው መስሏቸው ነበር። ደግሞስ በኮምፒውተር የታተመን ነገር ማን ይጠረጥረዋል?

እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሱ ነበር። ለቅሷቸው ቆመ። ጋብ አላለም፤ ቆመ። እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ሰዉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። የሰው ገመና ነዋ! ማን ይጠይቃል? ቢጠይቅስ ማንን ይጠይቃል? አንድ ሰው ብቻ «ስሕተት ነው፣ የኔ ስሕተት ነው» ማለት ይችል ነበር። እሱም ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ነበር።

እስከዚህ ያለው ስሕተት ነው በሉት። የሚቀጥለው ግን ስሕተት አይደለም።

ከሠልስቱ በኋላ እትዬ አስካለ መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ከበሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። አለቃዬ ጎኔ ተቀምጦ ሒሳብ ይሠራ ነበር።

«ልጄ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ማነው የነገረሽ? የልጆቹን ነገር?»

አቶ ታፈሰ ናቸው ብል አቶ ታፈሰን ይጠይቃሉ፤ እሳቸውም እንዳልነገሩኝ ይናገራሉ። ተሳስቼ ነው ብል አለቃዬ ይሰማል። ሁለቱም መንገድ እኔ ላይ ነው የሚያልቀው። የማይጠየቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

«እሳቸው ራሳቸው ናቸው» አልኩ። «በሕይወት እያሉ መጥተው ነው ያጻፉኝ። አደራ ብለውኝ ነበር።»

ይኸው ተናገርኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። በአንደበቴ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ ምንም ያላደረገኝን ሰው መቃብሩ ሳይደርቅ ወነጀልኩት። ሙት አይከራከርም።

 «ለዚህ ነበራ ሌሊት ሌሊት ፈረቃ የሚለኝ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ለራሳቸው። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ሄዱ። አመስግነውኝ ሄዱ!

የጋሽ ደምሴን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አወረዱት አሉ። ከቤት የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆነ። እኔ እያደር ይረሱታል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ፋሲካ አልፎ ክረምቱ ሲቃረብ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ ቆመው አየኋቸው። የአቃቂ ወንዝ በሚያመጣው ጉም ውስጥ የሚወጡትንና የሚገቡትን ወጣቶች ፊት አንድ በአንድ ያያሉ። ቁጣ ከፊታቸው ላይ ጠፍቷል። የሚያዩት የጠፋ ዕቃውን እንደሚፈልግ ሰው ነው፤ ፈገግ ይላሉ፤ አንዳንዱን ልጅ በዓይናቸው እስከ ሐዲዱ ድረስ ይሸኙታል። በዚያ ጉም ውስጥ እኔም አንዳንዴ እፈዝ ነበር። ይመጣሉ ብዬ እጠብቅ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ የፈጠርኳቸውን ልጆች!

አንድ ቀን ወደ ጽሕፈት ቤታችን ተሻገሩ።

«ማስታወቂያ ጻፊልኝ» አሉኝ። «የደምሴ ልጆች የት እንዳሉ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ በይ። አልተቆጣሁም በይ። ልጅ ስጠኝ ስል ኖሬ፣ እሱ ካገኘ የኔም አይደሉ? ቤት አለኝ፣ ይምጡ በይ።»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ፊታቸውን አየሁት፤ ያ ፊት ሠላሳ ዓመት ያላገኘውን አሁን ያገኘ ፊት ነበር። እውነቱን ብናገር ሦስት ልጅ እገድልባቸዋለሁ አልኩ። ሲያምር! ሰው ለፈሪነቱ እንዴት ያለ ጥሩ ልብስ ይሰፋለታል? ጻፍኩላቸው። አሳምሬ ጻፍኩላቸው። የጋሽ ደምሴን ፎቶ መሃሉ ላይ አስገባሁ፣ ፊደሉን አገዘፍኩት፣ «እናታችሁ ትጠብቃችኋለች» የሚለውን ከላይ አደረግኩት። ጥሩ ማስታወቂያ ልብ ይነካል፣ ያን ዐውቃለሁ።

በየመብራት ምሰሶው ላይ፣ ከሚከራይ ቤትና ከአስጠኚ ማስታወቂያ መሃል ተለጠፈ። ክረምቱ ቀለሙን ሲያጥበው ተመልሰው መጡ። «ድገሚልኝ» አሉ። ፋይሉ አለ፤ ድካም የለውም፤ አንድ ጊዜ ፕሪንት ማለት ነው። በሚቀጥለው ክረምትም መጡ። እኔም ደገምኩ። የመጀመሪያውን ውሸት ስዋሽ ቢያንስ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ በኋላ በኋላ ሌላ ደንበኛ እያናገርኩ ነበር የማትመው።

ከዚያ አገባሁ፣ ሥራውንም ለቀቅኩ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባን። ዓመታት ሄዱ። አቃቂ ገበያ ላይ ያገኘኋት አንዲት የድሮ ጎረቤት ናት እትዬ አስካለ መታመማቸውን የነገረችኝ። «ዓይናቸውም ፈዟል» አለች። «ሰው በገባ ቁጥር ማነው ይላሉ።»

ልነግራቸው ሄድኩ። ይህን እመኑኝ፣ ልነግራቸው ነበር። መንገዱን በሙሉ ሚኒባስ ውስጥ በልቤ ስለማመድ ነበር፤ «እትዬ፣ ጋሽ ደምሴ ንጹሕ ነበሩ፣ ሌላ ሴት አላወቁም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ጸሐፊ አይፈልግም፣ ማሳመር አይፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ አልጋው ላይ ተኝታለች። የጋሽ ደምሴ ፎቶ ከራስጌያቸው ተመልሶ ተሰቅሏል። ስገባ እግሬን ሰምተው ቀና አሉ።

«ማነው?»

አልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ። ለመናዘዝ ነው የተንበረከክኩት። እጄን ፈልገው ያዙኝና ማልቀስ መጀመሬን ሰሙ። ፊታቸው በራ።

«የደምሴ ነሽ?» አሉኝ። «መጣሽ? ከሦስቱ የትኛዋ ነሽ፣ እናቴ?»

አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የሚጠበቅብኝ።

«የመጨረሻዋ ነኝ» አልኩ።

ምሳ አስቀርበው በእጃቸው አጎረሱኝ። ጎረስኩ። ሌሎቹን ሲጠይቁኝ በደኅና አሉ አልኩ። «አባትሽን ይቅር ብዬዋለሁ፣ አንቺም እንዳትቀየሚው» አሉኝ። እሺ አልኩ።

በዚያው ሰሞን ሞቱ። ደስ ብሏቸው ነው የሞቱት ይላሉ። ይህን እንደ ማቅለያ እንዳትቆጥሩልኝ፤ እኔ ስንት ጊዜ ልቆጥረው ሞክሬ አልሆነልኝም። እትዬ አስካለ ይቅር ብለው ሞቱ። ይቅር ያሉት ግን ምንም ያልበደላቸውን ሰው ነው። እኔን ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም እውነቱን ሳያውቁ ሸኘኋቸው። እናንተም ይቅር እንዳትሉኝ።