አባቴ ያልቀመሱት ውስኪ

«ክፈቺው በቃ፤ ከእንግዲህ ለማን እናስቀምጠዋለን?» አሉኝ አጎቴ፣ ዛሬ የአባቴ አርባ ወጥቶ እንግዳው ከተበተነ በኋላ።

ሲንግል ሞልት የሚባል ውስኪ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ገዝቼ እዚህ ወገዳ ሳመጣላቸው፣ አባቴ «ለሠርግሽ ነው የሚከፈት» ብለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

መጀመሪያ ምንም ሳንጨምርበት ቀመስነው። አጎቴ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ጭስ ጭስ ይላል እኮ! ከእኛ አረቄ በምን ተሻለ?»

እኔ ጉሮሮዬን ሲያቃጥለኝ ታወቀኝ። ጣዕሙን ግን አላገኘሁትም።

ከጎረቤት ሆቴል በረዶ አስመጥተን ደገምነው። አጎቴ «አሁን ለዘብ አለ» አሉ። እኔ ጥርሴን ቀዘቀዘኝ፤ ሌላ ምንም።

(እንዲህ ያለ ውስኪ በበረዶ አይጠጣም የምትሉ አዋቂዎች፣ ለዛሬ ማሩኝ።)

አርባ ቀን ሙሉ አላለቀስኩም። ሰው «ጠንካራ ነሽ» ይለኛል። ጥንካሬ አይደለም፤ ምንም አይሰማኝም።

አጎቴ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ወንድሜ ቢቀምሰው ምን ይል ነበር?» አሉና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔ ትከሻቸውን አቅፌ፣ በደረቅ ዓይኔ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ።

ሐዘን እንዲህ ያደነዘዛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እንባው መቼ መጣላችሁ?