ከደመኛ እጅ

ሆጤ ሰፈር፣ አንዲት የክፍሌ ልጅ ቤት የሄድኩት ፊልም ለማየት አልነበረም። አባቷ እንዲያዩኝ ነበር። ልጅቷ ኮምቦልቻ ኮሌጅ አብራኝ ትማራለች፤ እወዳታለሁ፣ እሷም እንደዚያው፤ አባቷ ቀስ በቀስ ይልመዱኝ ብለን ተማከርን። ለመሄድ ምክንያት ያስፈልግ ስለነበር አንድ የጃፓን ካርቱን በሲዲ ተከራይቼ ከሁለት የክፍል ጓደኞቻችን ጋር ደሴ ወጣሁ። ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ነገር ጠፍቶ ካርቱን!

የኛን ቤት ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ጠመንጃ እንደ ዱላ በየትከሻው በነበረበት ጊዜ፣ ትልቁ አጎቴ ደሴ ዙሪያ ውስጥ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን ገደለ። እሱም እስር ቤት ሞተ፤ ደሙ ግን ሳይታረቅ ቀረ። በኛ አገር የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ጋር አይበላም። መንገድ ላይ ቢያገኛቸው አቀርቅሮ ያሳልፋቸዋል፤ ታክሲ ውስጥ ቢያገኛቸው ይወርዳል። አባቴ ቤቱን ነቅሎ ኮምቦልቻ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ያኔ ገና የምድህ ስለነበርኩ የሰዎቹን መልክም ስምም አላውቅም። አባቴ ደሴ በወጣ ቁጥር አንገቱን ሰብሮ ሲሄድ ግን አይቻለሁ፤ አይቼም ተናድጄበታለሁ። እሱ ማንን ገደለ?

አባቷ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከጁምዓ እንደተመለሱ ምሳ ቀረበና ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። አጎረሱኝ፤ “አንድ ያጣላል” ብለው ደገሙኝ። ልጅቷ ከማዶ አይታኝ ፈገግ አለች። በዚያች ሰዓት ነገሩ ሁሉ የተሳካልኝ መሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ካርቱኑ ተከፈተ። ሁለት የኒንጃ ጎሳዎች አሉ፤ በመካከላቸው ከዘር ማንዘር የወረደ ደም አለ። የአንዱ ወገን ወንድ ልጅ ከሌላው ወገን ሴት ልጅ ጋር ተዋዷል፤ ዘመዶቻቸው ደግሞ በየተራ ይተራረዳሉ። የኛዋ ልጅ ለአባቷ ትተረጉማለች። ጎራዴውም አስማቱም ምንም አልመሰላቸውም። ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ ይህን ያህል ሰው ሲያልቅ፣ ደም የሚያደርቅ፣ ሁለቱን ወገን አስምሎ የሚያስታርቅ አበጋር አገሩ ላይ የለም ወይ? ጃፓን አበጋር የለም ብትላቸው ከልባቸው አዘኑ። እኛ ሳቅን።

ሳቃችን ሳያባራ የራሳቸውን አወሩ። ታላቅ ወንድማቸው በወሰን ጠብ መገደሉን ነገሩን፤ የመንደሩን ስም ጠሩ፤ ቀጥለውም የገዳዩን። የአጎቴን ስም።

“ሰዎቹ ግን የሚያፍሩ ናቸው፣ ወላሂ” አሉ። “ታናሽየው ቁርኣን ቤት አብሮኝ የቀራ ነው። ሲያየኝ አቀርቅሮ መንገድ ይለቅልኛል። እስከ ዛሬ ሌላ ደም ሳይፈስ ያቆየን የሱ እፍረት ነው።”

ታናሽየው አባቴ ነው።

ዝም ብዬ መቀመጥ እችል ነበር፤ ማንነቴን አያውቁም። ግን አፈርኩ፤ ፊቴ ነደደ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የጠበቀውን እኔ በአንድ ምሳ አፈረስኩት። ሳላስበው ተነስቼ ቆሜያለሁ፤ አቀርቅሬያለሁ። ጓደኞቼ ምን ሆንክ ይሉኛል። አባቷ ግን አቋቋሜን አይተው የሚቆጥሩትን ሙስበሃ አስቀመጡ።

“የሱ ልጅ ነህ?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

ከእጃቸው በልቻለሁና ማንም እንደማይነካኝ፣ በሰላም እንድሄድ ነገሩኝ። ተቀመጥ ግን አላሉኝም። በሩ ላይ ስደርስ ተከትለውኝ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ለአባትህ እንዳትነግረው” አሉኝ። “በእፍረት ይሞትብኛል።”

አልነገርኩትም። በዚያ ሰሞን አባቴ ለምን ደሴ መውጣት እንደተውኩ ሲጠይቀኝ ትምህርት በዛ አልኩት።

ሰኞ ኮሌጁ በር ላይ ልጅቷ እጇን አንስታ ጠራችኝ። አባቴ እንደሚያደርገው አቀርቅሬ መንገድ ለቀቅሁላት። “እኔ እኮ ነኝ” አለችኝ። እሷ መሆኗን አጥቼው ነው? ቀና ብዬ ላያት ፈለግሁ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ። ከዚያ በኋላም ባየችኝ ቁጥር ትጠራኛለች፣ እኔም እለቅላታለሁ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሩቅ አየችኝና እሷ ቀድማ መንገዱን ተሻገረች።